ዕጩው ሲመጣ የት ትቆማላችሁ?

የምርጫ ሰሞን ሰቆጣ ምን እንደምትመስል ለማታውቁት ልንገራችሁ። ድምፅ ማጉያ የተጫነባት መኪና ከጠዋት ጀምራ ከተማዋን ትዞራለች። ሜዳው ላይ ድንኳን ይተከላል፤ ከፊት ያለው ወንበር ለእንግዳ፣ ከኋላ ያለው መሬት ለሕዝብ። ቲሸርትና ኮፍያ ይታደላል። ዕጩው ይመጣል፣ ይናገራል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይሄዳል። ወጣቱ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ቲሸርቱን ለብሶ ያጨበጭባል፣ ግማሹ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ስልኩ ላይ ይሳደባል። ማታ ሁለቱም አንድ ላይ ኳስ ያያሉ።

እኔ ሌላ ቦታም አለ ባይ ነኝ። ዕጩው ከመድረኩ ሆኖ ሊያያችሁ የሚችልበት፣ ጥያቄያችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ከፍ አድርጋችሁ በጨዋ ደንብ የምትቆሙበት ቦታ። ይህን ስል አዲስ አበባ ተቀምጬ ምክር ለመስጠት አይደለም። የዋግ ልጅ ነኝ። ደሃና ተወልጄ ሰቆጣ ነው የተማርኩት። አሁንም ዘመድ አዝማዴ እዚያው ነው፤ ነገሩ ቢበላሽ መጀመሪያ የሚነካው እነሱን ነው።

ለምን ሰቆጣ ካላችሁኝ፣ የከተማችን ስም ራሱ የቃል ኪዳን ስም ስለሆነ ነው። ሐምሌ 2007 ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 አጠፋለሁ ብሎ ቃል ገባ። ስሙንም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው። ጄኔቫም ኒውዮርክም ስለ ሥርዓተ ምግብ የሚሠራ ሰው «ሰቆጣ» ሲባል ያውቃል፤ ቦታው የት እንደሆነ ባያውቅም። 2030 በእኛ አቆጣጠር 2022 ነው፣ ሩቅ አይደለም። ከዚያ ቃል በኋላ ጦርነት መጣ፣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለ ሕዝብ ሰቆጣ ላይ በሸራ ሥር ኖረ። በ2015 ደግሞ ድርቁ የአበርገሌን፣ የዝቋላንና የሳህላን ከብት ፈጀ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ባለበት አገር ዕጩ መጥቶ ስለ ብልጽግናም ይሁን ስለ ነፃነት፣ ስለ አማራነትም ይሁን ስለ ዜግነት አርባ ደቂቃ ተናግሮ፣ ስለዚያ ቃል አንድም ሰው ሳይጠይቀው መኪናው ውስጥ ከገባ፣ ጥፋቱ የማን ነው? የእሱ ብቻ ነው ብላችሁ አታሳምኑኝም።

በስብሰባው ላይ መጠየቅ ይቻላል እኮ ትሉ ይሆናል። በወረቀት ደረጃ ይቻላል። አንድ ጊዜ በተገኘሁበት የምረጡኝ ስብሰባ (የየትኛው ፓርቲ እንደሆነ ይቅር) ሰብሳቢው «ጊዜ ስላጠረን ጥያቄ በጽሑፍ» አለ። ወረቀት ተሰበሰበ። ከተነበቡት አራት ወረቀቶች ሦስቱ ምስጋና ነበሩ፣ አራተኛው ደግሞ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት «የኔን ወረቀት በላት እንዴ?» አሉ። ሳቅን። የሳቸው ጥያቄ ስለ ውኃ ነበር።

በወረቀት የተጻፈ ጥያቄ ኪስ ውስጥ ይቀራል። ከፍ ብሎ የተያዘ ጥያቄ ግን ካሜራ ያየዋል፣ ጋዜጠኛ ያየዋል፣ ከሁሉም በላይ ዕጩው ያየዋል። ካየ በኋላ ቢመልስ መልካም፤ ዘሎት ቢያልፍ ደግሞ መዝለሉ ራሱ ለመራጩ መልስ ነው።

ይህን «የፈረንጅ ነገር» የሚል አይጠፋም። ኧረ በጭራሽ! አያቴ ሲነግሩኝ ንጉሡ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ሰው «አቤት! አቤት!» እያለ ይቆም ነበር። ድንጋይ ተሸክሞ የሚንበረከክ ነበር፤ መኪናው ሲጠጋ አቤቱታውን በእጁ ዘርግቶ የሚሮጥ ነበር። «አቤቱታ» የምንለው ቃል የወጣው ከዚያው ከጩኸቱ ነው። ነገሥታቱም ቢሆኑ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል፤ አዝማሪውና እረኛው በዘፈን ያለውን ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለ ሹም ደፍሮ እንደማይናገረው ስለሚያውቁ። ዛሬ እረኛው ስልክ ይዟል፣ ጠያቂው ነው የጠፋው።

አቤቱታ ሲመለስ ምን እንደሚሆንም ታሪኩ የራሳችን ነው። በ1965 ዋግ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ነበር። ረሃቡ ሲጠና ከወሎ የተነሱ ገበሬዎች እርዳታ ለመለመን እስከ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ፖሊስ መለሳቸው። ሰዎቹ ድንጋይ አልወረወሩም፤ የመጡት «ራበን» ለማለት ብቻ ነው። ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ መስከረም 1967 ላይ ንጉሡ ሲወርዱ፣ ደርግ በዋዜማው ለሕዝብ ያሳየው ፊልም የዚያን ረሃብ ምስል ነበር።

ቀረብ ያለውንም ላንሳ። በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰዱ። አንድ እንኳ አልቀረም። በዚያ ዓመት በየመድረኩ ጭብጨባ ነበር፣ ጥያቄ የለም። ግን ጥያቄው የት ይሄዳል? ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆይ ኦሮሚያ ላይ መንገድ ወጣ፣ በቀጣዩ ክረምት እኛም ክልል ደረሰ። ሐምሌ 24 ቀን 2008 ጎንደር ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፈቃድ ሳያገኝ ወጥቶ፣ ድምፁን አሰምቶ በሰላም ወደ ቤቱ ገባ። ልክ በሳምንቱ፣ ነሐሴ 1፣ ባሕር ዳር ላይ ተተኮሰ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያ ቀን ቢያንስ 30 ሰው ተገደለ ብሏል። እነዚህን ሁለት እሑዶች ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ተቃውሞና ረብሻ አንድ አይደለም። የኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከ2010 ወዲህ ኢዜማን ጨምሮ የተለያዩ ፓርቲዎች በየከተማው ስብሰባችን ተረበሸ፣ አዳራሽ ተከለከልን እያሉ ደጋግመው ከሰዋል። ያደረገው ማን ነው የሚለውን ትቼ፣ አንዳንዱ ወጣት ይህን እንደ ጀግንነት ሲያወራው ሰምቻለሁ፤ «አላስገባነውም»፣ «አላስወራነውም»። ይቅርታ፣ ይህ ተቃውሞ አይባልም። የመጣው ዕጩ የመናገር መብት አለው። እሱስ ይቅር፣ ከዝቋላ ግማሽ ቀን በእግራቸው ተጉዘው ሊሰሙት የመጡት እናት የመስማት መብት አላቸው። የምርጫ ሕጉም፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ የሌላውን የምርጫ ዘመቻ ማደናቀፍን ይከለክላል። ዕጩውን ጮኻችሁ ካስቆማችሁት ማታ በዜና «ተበደልኩ» የሚለው እሱ ይሆናል፤ ጥያቄያችሁ ደግሞ ተረስቶ ይቀራል።

ስለዚህ ሲናገር ዝም፣ ወረቀቱ ከፍ። ሲጨርስ ድምፅ ማሰማት ይቻላል። በቃ ይኸው ነው።

ደግሞ ለሁሉም እኩል መሆን አለበት። ለገዥው ፓርቲ ዕጩ ወረቀት ይዛችሁ ወጥታችሁ፣ የራሳችሁ ሰው ሲመጣ ከበሮ የምትመቱ ከሆነ አልተቃወማችሁም፣ ዘመቻ ነው ያካሄዳችሁት። ያም መብት ነው፤ ግን በስሙ ጥሩት። እኔን ቢጠይቁኝ አንድ ዓይነት ወረቀት፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ ለመጣው ሁሉ ነው የምለው። ይህ ሲሆን አስተዳደሩም «የእገሌ ፓርቲ ተላላኪ» ለማለት ይቸገራል።

ሕጉን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ትንሽ ልቆይበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰብሰብን፣ ሰላማዊ ሰልፍ ማድረግንና አቤቱታ ማቅረብን መብት አድርጎታል። ዝርዝሩ ያለው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ላይ ነው። እሱም የሚለው «አሳውቅ» ነው እንጂ «አስፈቅድ» አይደለም። ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ፤ ዓላማው ምንድን ነው፣ የት ነው፣ መቼ ነው፣ በየት ያልፋል፣ ስንት ሰው ይገመታል፣ አዘጋጆቹ እነማን ናቸው፣ ከነፊርማቸው። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ሰዓቱ ቢለወጥ ይሻላል የሚል ከሆነ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይመልሳል። በየትም ቦታ በማንኛውም ጊዜ አይደረግም ማለት ግን አይችልም። በተግባር ግን ጸሐፊዋ «ኃላፊው የሉም» ትላለች፣ ኃላፊው «ከበላይ ልጠይቅ» ይላሉ። ለዚህ ነው ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተጽፎ በአንደኛው ላይ የመዝገብ ቤት ማህተምና ቀን መመታት ያለበት። ያንን ቅጂ ፎቶ አንሱት። ፖሊስ ሲመጣ የምታሳዩት እሱን ነው።

አንድ ለእኛ አገር በጣም የሚመለከት ነገርም አለበት። አዋጁ በገበያ ቀን ከሕዝብ ገበያ 100 ሜትር ባነሰ ርቀት ሰልፍም ሆነ ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ እንዳይደረግ ይከለክላል። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከሆስፒታልም እንዲሁ 100 ሜትር፤ ከጦርና ከፖሊስ ካምፕ ደግሞ 500። ሰቆጣን የሚያውቅ ሰው አሁን ይስቃል፤ እነዚህን ሁሉ ርቀቶች ጠብቆ የሚቆምበት ቦታ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ግን ክልከላው ለዕጩውም ይሠራል። ሕዝብ ተሰብስቦልኛል ብሎ በገበያ ቀን ገበያው መሐል ድምፅ ማጉያ የሚተክል ፓርቲ ካለ፣ እሱም ሕግ ጥሷል፤ ይህንንም በደብዳቤ መጻፍ ይቻላል።

የሰው አደረጃጀትን በተመለከተ ከሩቅ አገር መጽሐፍ ማምጣት አያስፈልግም። ሻደይ አለን። በነሐሴ ልጃገረዶቹ በቡድን በቡድን ሆነው፣ ከበሮ ይዘው፣ በየደጁ ሲጨፍሩ አይታችኋል። ማን ከበሮ ይመታል፣ ማን ይቀበላል፣ የተሰጠውን ገንዘብ ማን ይይዛል፣ የትኛው ቤት ቀድሞ ይኬዳል፣ ሁሉም የታወቀ ነው። ፖሊስ ሳያሰልፋቸው ከተማ ሙሉ ይዞራሉ። እውነቱን ለመናገር የሰልፍ አዘጋጅ ብሆን መጀመሪያ የማማክረው እነሱን ነው፤ ወንዶቹ ሦስት ሰው ሲሰበሰብ አራት ሊቀመንበር እንመርጣለንና።

ዋናው ፈተና ግን ክላሽና ዱላው ነው። የኛ አገር ሰው መሣሪያ ሳይዝ መንገድ መውጣት እንደ እርቃን መሄድ የሚሰማው ብዙ ነው፤ ዱላ ደግሞ የእጅ አካል ነው። ደገኛውን አባት «ዱላዎን ያስቀምጡ» ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከርቀት ለሚያይ ወጣት ወታደር መቶ ዱላ መቶ ዱላ ነው፣ የእርጅና ምርኩዝ መሆኑን አይለይም። ስለዚህ በዕድሜ የገፉትን የሚደግፍ ልጅ መድቡ፣ ዱላው ቤት ይቅር። መሣሪያ የያዘ ሰው፣ ወንድማችሁም ቢሆን፣ በዚያ ቀን አጠገባችሁ አይቁም። ድንጋይ የሚያነሳ ካያችሁ ሁላችሁም መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ያኔ የወረወረው ብቻውን ቆሞ ይታያል። አንድ ድንጋይ የአንድ ወር ዝግጅት ያጠፋል።

ስለ ስልክ ደግሞ። ሰኔ 2012 ላይ አሜሪካ ቱልሳ ከተማ ዶናልድ ትራምፕ የምርጫ ቅስቀሳ ሲጠሩ፣ የቲክቶክ ልጆች በብዛት ቦታ አስይዘው ሳይመጡ ቀሩ። የዘመቻው ሰዎች አንድ ሚሊዮን ሰው ተመዝግቧል ብለው ፎክረው ነበር፤ 19,000 በሚይዘው አዳራሽ የተገኘው ግን እንደ ከተማዋ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ቆጠራ 6,200 ያህል ነው። ሳቄን አልደብቅም። ቀልዱ ለእኛ ግን አይሠራም፤ አዳራሹ በትኬት ሳይሆን በቀበሌ ስም ዝርዝር በሚሞላበት አገር አለመምጣትህ ይጻፋል። ሌላም አለ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚረሳ የለም። ጥሪያችሁ ያለው ቴሌግራም ላይ ብቻ ከሆነ ኔትወርኩ ሲጠፋ ሰልፉም አብሮ ይጠፋል። በወረቀትና በአፍ የሚሄድ ይሁን። ቪዲዮ ቅረጹ፣ ግን የሰው ፊት አትልቀቁ፤ ሰቆጣ ትንሽ ከተማ ናት፣ ከጀርባም ይታወቃል። ከዋሽንግተን ሆኖ በላይቭ «ውጡ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!» የሚለውን ደግሞ ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ቲኬት ቆርጦ መጥቶ ከጎናችሁ ከቆመ ያኔ ታዘዙት።

ስለ ፍርሃቱ ሳላነሳ ባልፍ ግን ይህን ሁሉ የጻፍኩት በከንቱ ነው። የተማረው ወጣት የሚፈራው እስር ነው። ገበሬው የሚፈራው ግን ስሙ ከሴፍቲኔት ዝርዝር መውጣቱን ነው። በዋግ በብዙ ቤት ያ ዝርዝር ማለት የዓመቱ እንጀራ ነው። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀውና ስብሰባ ላይ ማን መጣ ማን ቀረ ብሎ የሚያየው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርት እርዳታና የመንግሥት አገልግሎት ለፖለቲካ ድጋፍ መያዣ መሆናቸውን ዘርዝሮ ነበር፤ መንግሥት በጊዜው አስተባብሏል። ዛሬስ የሚለውን እያንዳንዳችሁ የየቀበሌያችሁን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ከፊት የሚቆመው ማጣት የማይገድለው ሰው ይሁን፤ የከተማ ልጅ፣ ተማሪ፣ የራሱ ሥራ ያለው። የአምስት ልጆች እናትን ከፊት አሰልፎ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው። እሷ ጥያቄዋን ትንገረን፣ እኛ እንያዝላት።

አሁን ወደ እነዚያ ሁለት እሑዶች። ጎንደር በሰላም ስትገባ ባሕር ዳር ለምን ተተኮሰ? ሰልፈኛው የተለየ ስለነበረ አይደለም። ትእዛዙን የሰጠውና የተኮሰው ነው የለየው። ያ ማለት እናንተ ሁሉን ነገር አሟልታችሁ እንኳ የሌላውን ጣት መቆጣጠር አትችሉም። ስለዚህ ሰሞኑን ተኩስ በተሰማበት ወረዳ ሰው አትጥሩ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባለበት ጊዜ፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለአሥር ወር እንደነበረው፣ ሰው አትጥሩ። ይህን ስል ፈሪ የሚለኝ ይኖራል፤ ይበለኝ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፊርማ የተሰበሰበበት አቤቱታ ለዕጩው ቢሮ፣ ግልባጩ ለምርጫ ቦርድና ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽን መስጠት ይቻላል። ድምቀት የለውም፣ ቪዲዮም አይወጣውም፤ ግን ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ ሰውም አይሞትበትም።

ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነው። ሕገ መንግሥቱ የሰጠው የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ነው፤ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ለአንድ ደብዳቤ 48 ሰዓት ይበቃል። ጥያቄውን ለመምረጥ ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሃያ ሰው ሃያ ዓይነት ወረቀት ከያዘ ዕጩው የሚመቸውን መርጦ ይመልሳል። ሦስት ይሁኑ። እኔ ብመርጥ እነዚህን እመርጣለሁ፦ የአበርገሌና የጻግብጂ ተፈናቃይ መቼና በምን ዋስትና ይመለሳል? የሰቆጣ ቃል ኪዳን ሊያልቅ የቀሩት ዓመታት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ቢመረጡ በየዓመቱ ምን ያደርጋሉ? ቢመረጡ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰው በዚህ ሜዳ ይቆማሉ ወይ?

በአማርኛም በኽምጣናም ይጻፍ። ሁለቱንም አሳምሮ የሚጽፍ መምህር በየትምህርት ቤቱ አለ። ቀለሙ ጥቁር፣ ፊደሉ ወፍራም ይሁን፤ ከመድረኩ እስከ ሕዝቡ ያለው ርቀት ሁልጊዜ ከምትገምቱት ይሰፋል።